ከራስ አል ኸይማ እስከ ሙሃረቅ፦ የሉል እርሻን ፍለጋ የተደረገ ጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጀዚራት አል ሐምራ

ከዱባይ የተነሣነው ፀሐይዋ ገና ሳትጠነክር ነበር። መኪናውን የሚነዳልኝ በዚሁ አገር በዕቃ ማጓጓዝ ሥራ የሚተዳደር የወሎ ልጅ ሲሆን፣ በዕድሜ ስለምበልጠው «ጋሼ» እያለ ይጠራኛል። የጉዞውን ዓላማ ስነግረው ግን አክብሮቱን ሳያጓድል፣ «ጋሼ፣ ሉል ለመግዛት ከሆነ እኮ ገበያው እዚያው ዱባይ፣ ዴራ ሰፈር ነው፤ ምን እዚያ ድረስ ያስኬድዎታል?» አለኝ። እኔ የፈለግሁት መግዛት ሳይሆን አመራረቱን ማየት ነው። ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳትን ለምግብና ለሉል ማርባት ዛሬ በብዙ አገሮች የተስፋፋ ሥራ ቢሆንም፣ ይህ የባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በዚያ ሥራ ታሪክ ውስጥ የተለየ ቦታ አለው፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ከባሕር ወለል በሚለቀም የተፈጥሮ ሉል ሲኖር ቆይቶ፣ ጃፓን ውስጥ በእርባታ የተገኘ ሉል ገበያውን ነጥቆት፣ አሁን ደግሞ ያንኑ የእርባታ ጥበብ ራሱ ተምሮ የተነሣ ዳርቻ ነውና። (በዚህ ማስታወሻ የሚጠቀሱት የታሪክ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጀዚራት አል ሐምራ በራስ አል ኸይማ ግዛት ደቡባዊ ጫፍ የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿ ትተዋት የሄዱ የሉል ጠላቂዎች መንደር ናት። የዛዓብ ጎሣ ሰዎች ይኖሩባት ነበር፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ግድም አብዛኞቹ ወደ አቡ ዳቢ ስለሄዱ ቤቶቹ፣ መስጊዱና የሀብታሙ ነጋዴ የነፋስ ማማ ባሉበት ቀርተዋል። ሲሚንቶ እዚህ ከመድረሱ በፊት የተሠሩ በመሆናቸው ግድግዳዎቹ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተገነቡ ናቸው። ልስኑ በረገፈበት ቦታ ጠጋ ብዬ ስመለከት ድንጋዩ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ባለው ምርጊት ውስጥ ደግሞ ሉል የሚሠራው ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ፣ የኦይስተር፣ ስባሪ ዛጎሎች ገብተውበታል። ከእነዚህ አንዱን አቧራውን በጣቴ ጠረግ ባደርገው ውስጠኛው ገጹ አሁንም ወደ ሮዝና ወደ አረንጓዴ የሚያዘነብል ብርሃን ይሰጣል።

ከዚህች መንደር ወንዶች በየዓመቱ ሙቀቱ በሚያይልባቸው ወራት፣ ከሰኔ ግድም ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ፣ ባሕር ላይ ይከርሙ ነበር። የጀልባው አለቃ ናኾዳ፣ ጠላቂው ጋይስ፣ ገመዱን ከላይ ይዞ የሚጎትተው ሰይብ፣ ሥራውን በዜማ የሚያደምቀው ደግሞ ነሃም ይባላል። ጠላቂው አፍንጫውን በቀንድ ወይም በኤሊ ድንጋይ በተሠራ ቆንጣጭ ይዘጋል፤ ጣቶቹን ስለቱ እንዳይቆርጠው በቆዳ ይሸፍናል፤ አንገቱ ላይ የመረብ ቅርጫት ያንጠለጥልና በእግሩ ድንጋይ ረግጦ ይወርዳል። ከአንድ ደቂቃ ብዙም ለማይበልጥ ጊዜ፣ አንዳንዴም ለሁለት ደቂቃ ያህል፣ ትንፋሹን ውጦ የቻለውን ያህል ለቅሞ ገመዱን ሲነቀንቅ ይሳባል። ይህንኑ ከጧት እስከ ማታ በየቀኑ በርካታ ጊዜ ይደጋግመዋል። የተለቀሙት ዛጎሎች የሚከፈቱት በማግሥቱ ጧት፣ ናኾዳው ዐይኑን ሳይነቅል እየተመለከተ ነበር። ሉል የሚገኘው ከብዙ ዛጎሎች በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ ማን ምን እንደለቀመ አይታወቅም፤ የሚታወቀው የጀልባው ጠቅላላ ድርሻና በየሰዉ ስም የተጻፈው ዕዳ ነው።

እዚህ ላይ ቱሪስቱ በሚሰማው ትረካ ውስጥ ቶሎ የሚታለፈውን ነገር ማንሣት እፈልጋለሁ። ጠላቂው ቤተሰቡ የሚከርምበትን ስንቅ ከናኾዳው፣ ናኾዳውም ከነጋዴው በብድር ይወስዳል፤ ምርቱ ካነሰ ዕዳው ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፤ ጠላቂው ከሞተ ደግሞ በብዙ ቦታ ወደ ልጁ ይተላለፍ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት እንግሊዞች ባሰባሰቡት አኃዝ መሠረት በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ 4,500 ያህል ጀልባዎችና ከ74,000 በላይ ሰዎች በዚህ ሥራ ተሰማርተው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ቁጥራቸው ጥቂት የማይባል ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት ተሸጠው የመጡ ነበሩ፤ የሐበሻ ምድር ተወላጆችም ነበሩባቸው። ነፃ ለመውጣት በሻርጃ ወደነበረው የእንግሊዝ ወኪል ቀርበው ካመለከቱት መካከል ብዙዎቹ ሉል በመጥለቅ ጌቶቻቸውን ሲያገለግሉ መኖራቸውን ቃላቸውን ሰጥተዋል። እኛ ዛሬ በቪዛና በውል ወደምንመጣበት አገር ቀደም ብለው ያለ ውል የመጡ የአገራችን ሰዎች ከዚህ ባሕር ሥር ሉል ሲለቅሙ እንደነበር አብሮኝ ለመጣው ልጅ ብነግረው፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ዋና ይችሉ ነበር ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የደጋ ልጅ ጥያቄ ነው፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር ያሰብኩት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4፣ አል ራምስ

አል ራምስ ከራስ አል ኸይማ ከተማ በስተሰሜን ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ከፊቷ በጨው ውኃ ውስጥ የሚያድገው ማንግሮቭ የተባለ ዛፍ የበቀለበት ጸጥ ያለ የባሕር ወሽመጥ አለ፤ ከኋላዋ የሀጀር ተራሮች ተደርድረዋል። የሉል እርሻው የሚገኘው በዚህ ወሽመጥ ውስጥ ነው። የመሠረተው አብዱላ አል ሱወይዲ የሚባል ኢማራታዊ ሲሆን፣ አያቱ በወጣትነታቸው ሉል ይጠልቁ ነበር። የልጅ ልጁ በዚህ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከጃፓናዊ አጋር ጋር ሆኖ ማርባት የጀመረው እዚሁ ባሕር ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖሩትን ኦይስተሮች ነው።

በእንጨት ጀልባ ወደ ተንሳፋፊው ቤት ስንቀርብ በመጀመሪያ የሚታየው በውኃው ላይ በረድፍ የተዘረጉ ተንሳፋፊ ኳሶች ናቸው። በኳሶቹ መካከል ገመድ ተወጥሯል፤ ከገመዱ ላይ ደግሞ ኦይስተሮቹን የያዙ ጠፍጣፋ የሽቦና የመረብ ቋቶች ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። አንዱ ሠራተኛ ቋቱን ጎትቶ ሲያወጣ ዛጎሎቹ ጨርሰው አይታዩም ነበር፤ ስፖንጅ፣ አልጌና ድንጋይ መሳይ ጥቃቅን ተለጣፊ ፍጥረታት ሸፍነዋቸዋል። ይህ ካልተነሣ ኦይስተሩ አፉን ከፍቶ ውኃ ማስገባት ያቅተዋል፤ ስለዚህ የሉል ገበሬ ሥራ አብዛኛው ማጽዳት ነው፤ መጥረግ፣ መፋቅ፣ በግፊት ውኃ ማጠብ፣ መልሶ ማውረድ፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ያንኑ መድገም። የእኛ ገበሬ ስለ አረም የሚያማርረውን ሁሉ ይህም ሰው ሊያማርር ይችላል።

አስጎብኚያችን አንዱን ኦይስተር ለማሳያ መርጦ ቀዶ ጥገናውን አሳየን። ዛጎሉን በትንሽ መክፈቻ ከጣት ጥፍር ስፋት በማይበልጥ ክፍተት ከፈተና በመካከሉ ሽብልቅ አስገባ፤ ከዚያ በላይ ቢከፍተው ዛጎሉን የሚዘጋው ጡንቻ ይበጠሳል። ቀጥሎ በቀጭን ምላጭ የመራቢያ አካሉን በጥቂቱ ሰንጥቆ ሁለት ነገሮች አስገባበት። አንደኛው ነጭ ድቡልቡል ፍሬ ነው፤ ይህ ፍሬ በአብዛኛው የሚቀረጸው በአሜሪካ የሚሲሲፒ ተፋሰስ ወንዞች ውስጥ ከሚገኝ ዛጎል ለበስ እንስሳ ወፍራም ዛጎል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከሌላ ኦይስተር የተቆረጠ፣ ከሰሊጥ ብዙም የማይበልጥ የሥጋ ቁራሽ ነው። ቁራሹ የሚወሰደው ዛጎሉን ከሚሠራው የሰውነት ሽፋን ስለሆነ፣ ኅዋሶቹ በፍሬው ዙሪያ አድገው ከረጢት ይሠሩና በሌላው ኦይስተር ሆድ ውስጥ ሆነው የለመዱትን አብረቅራቂ ልባስ ንጣፍ በንጣፍ ይደርቡበታል። ቁራሹን የሰጠው ኦይስተር ይሞታል፤ ከተቀበሉትም ብዙዎቹ ይሞታሉ ወይም ፍሬውን ይተፉታል፤ ከተረፉት ደግሞ ክብና ጥርት ያለ ሉል የሚሰጡት ከፊሎቹ ብቻ ናቸው።

ሉል በአሸዋ ቅንጣት ዙሪያ ይሠራል የሚለው የተለመደ አነጋገር እዚህ ጀልባ ላይ ዋጋ የለውም። ኦይስተር ዕድሜውን ሙሉ በአሸዋ መካከል ሲኖር አሸዋ ማስወጣት ያውቅበታል፤ የተፈጥሮው ሉል የሚወለደው አብዛኛውን ጊዜ ያ ዛጎል ሠሪ ሽፋን በጥገኛ ተውሳክ ወይም በሌላ ጉዳት ተቆርጦ ኅዋሶቹ ወደማይገባቸው ቦታ ሲገቡ ነው። አርቢው የሚያደርገው ያንን አደጋ በእጁ መፍጠር ነው። ይህን በመረዳት ረገድ በመጀመሪያ ስሙ የሚነሣው ቶባ በምትባል የጃፓን ከተማ የነበረው ሚኪሞቶ ኮኪቺ ነው፤ በ1893 በዛጎሉ ላይ የተጣበቀ ግማሽ ክብ ሉል ለማግኘት በቃ። ሙሉ ክብ የሆነውን ሉል ያስገኘው ዘዴ ግን በዋነኛነት የተገኘው ከሚሴ ታትሱሄይና ከኒሺካዋ ቶኪቺ ምርምር ነው፤ ሚኪሞቶ በሰፊው አምርቶ ለዓለም ገበያ አቀረበው። ነጋዴ ስሙን የሚያስቀርበት፣ ተመራማሪ የሚረሳበት ታሪክ በየአገሩ አለ።

እርባታው ገበያውን እንዴት እንደገለበጠው ለመረዳት አንድ ዝነኛ ምሳሌ ይበቃል። በ1917 የታወቀው የጌጣጌጥ ነጋዴ የካርቲየር ቤተሰብ ኒውዮርክ አምስተኛው ጎዳና ላይ የሚገኘውን ትልቅ መኖሪያ ቤት ያገኘው በሁለት ረድፍ የተፈጥሮ ሉል ሐብልና በመቶ ዶላር ነበር፤ ሐብሉ በጊዜው ዋጋው አንድ ሚሊዮን ዶላር ተብሏል። ያው ሐብል በ1957 ሲሸጥ 200,000 ዶላር እንኳ አልሞላም። በመሐል የሆነው ከ1920ዎቹ ጀምሮ የጃፓን ሉል ወደ አውሮፓ መጉረፉና በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ መውደቁ ነው። በጀዚራት አል ሐምራ ባየኋቸው ቤቶች ውስጥ ለሚኖረው ሰው ይህ የፋሽን ወሬ አልነበረም፤ ስንቅ የሚያበድረው ነጋዴ ራሱ ከሰረ፤ ጀልባዎቹ ዳርቻ ላይ ተጎትተው ቀሩ፤ ነዳጅ ዘይት እስኪመጣ ድረስ ረሃብ የተሰማበት ዘመን ሆነ። ጠላቂውን ከዕዳ ያወጣው ሕግ ሳይሆን የሥራው መሞት ነው። አደጋው ግን አልጠፋም፤ ከሰው ሳንባ ወደ ኦይስተር ሆድ ተዛወረ። እኔ በበኩሌ ይህን መዛወር አልጠላውም።

አብሮኝ የመጣው ልጅ ለጁምዓ ሶላት መውረድ ስለነበረበት ጉብኝቱን አሳጥረን ተመለስን። ከመውረዳችን በፊት አስጎብኚው አንድ ኦይስተር ሰጠንና ራሱ ልጁ እንዲከፍተው አደረገ፤ በሥጋው መካከል ሲደባብስ ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ ፍጹም ክብ ያልሆነ ሉል ወጣ። «የአላህ ሥራ!» አለ፤ ትንሽ ቆየና ደግሞ «የእሱና የጃፓኖቹ» ብሎ ሳቀ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5፣ ዲባ

የሀጀርን ተራሮች አቋርጠን ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ወረድን። መንገዱ በደረቅ ሸለቆዎች መካከል ይጠማዘዛል፤ ስለ መንገዱ ከዚህ የበለጠ የምለው የለም። ዲባ አንድ የባሕር ወሽመጥን ተጋርተው የተቀመጡ ሦስት አስተዳደሮች ናት፤ አንዱ ክፍል የፉጀይራ፣ አንዱ የሻርጃ፣ አንዱ ደግሞ የኦማን ነው። እዚህ ያለው ባሕር ከትናንቱ የተለየ ነው። ምዕራቡ ባሕረ ሰላጤ በአማካይ ከ35 ሜትር ብዙም የማይበልጥ ጥልቀት ያለው፣ ፀሐይ አትንኖ ጨዋማነቱን ያከበደችው፣ በነሐሴ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍ ውኃ ነው። የዲባው ግን ለሕንድ ውቅያኖስ ክፍት በሆነው የኦማን ባሕረ ሰላጤ ላይ ስለሆነ ጥልቅ ነው፤ ከሥር የሚወጣው ቀዝቃዛ ውኃ ደግሞ ኦይስተር ለሚበላቸው በውኃ ውስጥ ለሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ ለፕላንክተን፣ የሚሆን ምግብ ይዞ ይመጣል።

በዚህ ውኃ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ ለምግብ የሚሆን ኦይስተር የሚያረባ ድርጅት አለ፤ ዲባ ቤይ ይባላል። የሚረባው ዝርያ የባሕረ ሰላጤው ሳይሆን መጀመሪያ ከጃፓን ወጥቶ ዛሬ በፈረንሳይም በአሜሪካም የተስፋፋው የፓስፊክ ኦይስተር ነው። ጫጩቶቹ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ሆነው ከውጭ ይመጣሉ፤ ፎቅ ፎቅ በሆነ ክብ መረብ ውስጥ ተደርገው በረጅም ገመድ ላይ ይንጠለጠላሉ። ለአቅመ ገበታ ለመድረስ በቀዝቃዛው የአውሮፓ ባሕር ሁለትና ሦስት ዓመት የሚፈጅባቸው ሲሆኑ፣ እዚህ ዓመት ሳይሞላቸው ይደርሳሉ ይባላል፤ ዓመቱን ሙሉ ሞቃትና ምግብ ያለበት ባሕር ስለሆነ አይገርምም።

ዳርቻው ላይ በሠራተኞቹ መካከል ቆሜ ያየሁት ከሉሉ እርሻ የበለጠ የእርሻ ጠባይ ነበረው። የወጡት መረቦች ተዘርግፈው ኦይስተሮቹ በቀዳዳዎች መጠን በሚለይ በሚሽከረከር ሲሊንደር ውስጥ ያልፋሉ። ይህ መለየት ብቻ አይደለም፤ መሽከርከሩ የዛጎሉን ቀጭን አዲስ ጠርዝ ስለሚሰብረው፣ እንስሳው በስፋት ከማደግ ይልቅ ወደ ጥልቀት እንዲያድግ ያስገድደዋል፤ ምግብ ቤቱ የሚፈልገው ጎድጎድ ያለና ሥጋው የሞላ ዛጎል የሚገኘው እንደዚህ ነው። ለሽያጭ የደረሱት በመጨረሻ በአልትራ ቫዮሌት ብርሃን በተጣራ የባሕር ውኃ ገንዳ ውስጥ እንዲቆዩ ይደረጋል። አንድ ትልቅ ኦይስተር በተመቸው ጊዜ በቀን እስከ 190 ሊትር ያህል ውኃ ሊያጣራ ስለሚችል በውኃው ውስጥ ያለውን ጥሩም መጥፎም ይሰበስባል፤ ንጹሕ ውኃ ሲያገኝ ደግሞ ራሱን ያጥባል። ጥሬውን ለሚበላ ሰው ይህ ደረጃ የሞት የሽረት ነው።

ይህ የእርባታ ዘርፍ ከሌላው ሁሉ የሚለይበትን ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። ኦይስተር መኖ አይጠይቅም፤ ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ የሚበላው ባሕሩ ራሱ የሚያበቅለውን ነው። የዓሣ እርባታ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ሌላ ዓሣ ፈጭቶ ስለሚመግብ ነው፤ ይህ ግን ከባሕሩ ይወስዳል እንጂ አይጨምርበትም። በ2020 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በመዘገበው አኃዝ ዛጎል ለበስ የሆኑ እርቢ እንስሳት ምርት በዓለም ላይ 17.7 ሚሊዮን ቶን ያህል ሲሆን፣ ከዚህ እጅግ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘችው ቻይና ናት። በሌላ በኩል ገበሬው የማይቆጣጠረው ነገርም ያው ባሕሩ ነው። በ2008 ክረምት መጨረሻ በዚሁ ዳርቻ የተነሣው ቀይ ማዕበል፣ ማለትም የአንድ ዓይነት አልጌ ከልክ ያለፈ መራባት፣ ለስምንት ወራት ያህል ቆይቶ ብዙ ሺህ ቶን ዓሣ ገድሏል፤ ባሕሩን ወደ መጠጥ ውኃ የሚለውጡ ጣቢያዎችን ሳይቀር ሥራ አስቁሟል። ያ ዓይነቱ ነገር ሲመጣ መረቡን ተሸክሞ የሚሸሽበት ቦታ ለማንም የለም።

ከሠራተኞቹ አንዱ ሁለት ኦይስተር ከፍቶ ሎሚ ጨምቆ አቀረበልን። እኔ በነቢያት ጾም ላይ ስለነበርኩ በአክብሮት እንቢ አልኩ። ልጁ ግን «ጋሼ፣ ጾም ባይሆንስ ይቀምሱት ነበር?» ብሎ አፋጠጠኝ። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ አትብሉ በሚለው ሕግ ያደግሁ ሰው ምን ልመልስለት እችላለሁ? እሱ ድርሻዬን ጨምሮ ሁለቱንም ዋጠና ፊቱን አኮማትሮ «የባሕሩን ውኃ በማንኪያ እንደ መጠጣት ነው» አለ። ሠራተኛው አልተከፋም፤ የመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም እንዲህ እንደሚል ነገረን።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6፣ ሙሃረቅ

ልጁ ዱባይ ላይ ተሰናብቶኝ ከቀትር በፊት ወደ ባህሬን በረርሁ። ሙሃረቅ አውሮፕላን ማረፊያው ያለባት ደሴት ስለሆነች ከበሩ እስከ ድሮው የሉል ከተማ መንደር ያለው ርቀት በጣም ጥቂት ነው። የሉል መንገድ የሚባለው የእግር ጉዞ መስመር ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው፤ በደሴቲቱ ደቡባዊ ጫፍ ካለው የቡ ማሂር ምሽግ ተነሥቶ በጠባብ ሰፈሮች ውስጥ ያልፋል። ዩኔስኮ በ2012 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው 17 ሕንፃዎችን ብቻ ሳይሆን፣ ከባህሬን በስተሰሜን ያሉ ሦስት የኦይስተር መስኮችንና የባሕሩን ዳርቻ ክፍል አንድ ላይ አጣምሮ ነው። ጠላቂውም፣ የጀልባው ባለቤትም፣ ታላቁ ነጋዴም የኖሩባቸው ቤቶች በአንድ መስመር ላይ ስለተጠበቁ የሀብቱን አከፋፈል በእግር እየተራመዱ ማየት ይቻላል፤ የጠላቂው ክፍል ጣራ ዝቅ ያለ ነው፤ የነጋዴው አዳራሽ ደግሞ በተቀረጸ ልስን አጊጧል። በ1920ዎቹ እያንዳንዱ ጠላቂ የየራሱ የሒሳብ ደብተር እንዲኖረው መደንገጉ እዚህ ተነሥቶ አይቻለሁ፤ በጀዚራት አል ሐምራ ያጣሁት ነገር ይህ ነበር።

ባህሬን በእርባታ የተገኘ ሉል በአገሯ ገበያ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ጃፓን ያመረተችው ሉል ገበያውን ባጥለቀለቀበት ዘመን የተጀመረው ይህ ክልከላ እስከ ዛሬ ድረስ አልተነሣም። በ1932 በዐረቡ ዳርቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ነዳጅ ዘይት የተገኘው እዚሁ ስለሆነ የሉሉ ሥራ መሞት እዚህ የመንግሥት ሞት አልሆነም፤ ክልከላውን ማቆየት የቻለችውም ለዚህ ይመስለኛል። አንድ በዕድሜ የገፉ የሉል ነጋዴ በሱቃቸው ተቀብለው ሻይ አስጠጡኝ፤ በራምስ ያየሁትን ስነግራቸው በትዕግሥት አዳመጡና አጉሊ መነጽራቸውን ሰጡኝ። የእርባታውን ሉል ከተፈጥሮው በዐይን መለየት ለልምድ ባለቤትም አስቸጋሪ መሆኑን አልደበቁም፤ የሚለየው ራጅ ነው። በእርባታው ሉል ውስጥ የገባው ፍሬ ከልባሱ ጋር የሚያዋስነው መስመር ጥርት ብሎ ይታያል፤ የተፈጥሮው ግን እስከ መካከሉ ድረስ እንደ ሽንኩርት ልጥ በልጥ ነው። ለዚህ ምርመራ በ2017 በባህሬን የተቋቋመው ዳናት የተባለው ተቋም ለእያንዳንዱ ሉል የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ለክልከላው ያቀረቡልኝ ምክንያት ግን ገንዘብ አልነበረም። አባታቸው ነጋዴ፣ አጎታቸው ደግሞ ጠላቂ እንደነበሩ ነገሩኝና፣ «ልጄ፣ የራምሶቹ የሚሠሩት ሥራ ሐቀኛ ሥራ ነው፤ ሉል ነው ብለው የሚሸጡት ግን የሠራተኛ እጅ ያስቀመጠውን ነው፤ እኛ የምንሸጠው ማንም ያላስቀመጠውን ነው» አሉኝ። መልስ አልሰጠሁም፤ ከሽማግሌ ጋር በሱቁ ውስጥ መከራከር ደግ አይደለም። እዚህ ላይ ግን ልጽፈው እችላለሁ፦ ያንን ማንም ያላስቀመጠውን ለማውጣት ስንት ሰው እንደተቀመጠበት ከመንገዱ ማዶ ያለው የጠላቂው ክፍል ይመሰክራል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7፣ ከሙሃረቅ በስተሰሜን

ከአየር ማረፊያው ሰዓት በፊት ጠዋቱን በባሕር ላይ አሳለፍሁ። ዛሬ ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሰው በባህሬን የኦይስተር መስኮች ላይ ጠልቆ በቀን እስከ 60 ዛጎል መልቀም ይችላል። ጀልባው ሞተር ያለው፣ ጠላቂዎቹ መነጽርና የታመቀ አየር ጋን ያላቸው ናቸው፤ ከድሮው የቀረው ባሕሩና ቋንቋው ብቻ ነው። ባለጀልባው ከባሕሩ ወለል የጣፈጠ ውኃ የሚፈልቅባቸውን ቦታዎች በእጁ እያመለከተ ያሳየኝ ነበር። የድሮ ጠላቂዎች ወደዚያ ወርደው በአቁማዳ የመጠጥ ውኃ ይሞሉ እንደነበር የታወቀ ነው፤ ብዙ ባህሬናውያን የሉላቸው ድምቀት ከዚህ የጣፈጠና የጨው ውኃ ቅልቅል የመጣ ነው ብለው ያምናሉ።

ከጠላቂዎቹ አንዱ የድርሻውን 60 አሟልቶ ወጣና ጀልባው ላይ ተቀምጦ መክፈት ጀመረ። ቢላውን በማጠፊያው በኩል ያስገባና በአንድ ጠምዘዝታ ይከፍታል፤ አውራ ጣቱን በሥጋው ላይ ያሳልፍና ምንም ካላገኘ ወደ ባልዲው ይጥለዋል። ባልዲው ሲሞላ ያገኛቸው ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱ ከጤፍ ፍሬ ትንሽ ተለቅ የሚሉ፣ ሦስተኛው ደግሞ ወደ ቢጫ የሚያደላና ጎኑ የተጎዳ ነበር። ወደ ምርመራ ይልካቸው እንደሆነ ብጠይቀው ሳቀብኝና፣ ለምስክር ወረቀቱ የሚከፈለው ከሦስቱም ሉሎች ዋጋ እንደሚበልጥ ነገረኝ። ትናንሾቹን ከዚህ በፊት ባጠራቀማቸው ላይ ጨምሮ በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ከተታቸው፤ ጎኑ የተጎዳውን ደግሞ ለልጁ መጫወቻ እንደሚሆን ነግሮኝ ቀሪውን ዛጎል ወደ ባሕሩ መጣል ጀመረ።